ባለ ሰባት ጣሪያው ግንብ

ወለተሰንበት የገዛ በሯን ከኋላ ከኋላ እየተከተለች በፍርስራሹ መካከል ትሄድ ነበር። በሩ ከነመቃኑ፣ ከነማጠፊያው፣ ከነጓጉንቸሩ በተሸካሚው በቱሉ ጀርባ ላይ በገመድ ታስሯል። ከኋላ ሆኖ ላየው ሰው በር ብቻውን በሁለት ቀጫጭን እግሮች የሚራመድ ይመስላል። ጓጉንቸሩ በየእርምጃው ቋ ቋ ይላል፤ ቁልፉ ደግሞ በመቀነቷ ጫፍ ተቋጥሮ ወገቧ ላይ ነው።

«ቀስ በል ቱሉ፣ መቃኑ እንዳይላቀቅ!»

«ይሄ በር ከእኔም ከእርስዎም በኋላ ይኖራል እትዬ። እኔ የምፈራው ለጀርባዬ ነው።»

ቀኑ እሑድ፣ ጥቅምት 1 ቀን 2002 ዓ.ም. ነው። ከልደታ ማርያም ቅዳሴ ወጥቷል፤ ነጭ የለበሰው ሰው በየአቅጣጫው ይበተናል። ድሮ ቢሆን በጉልት፣ በእንትና አጥር፣ በእነ እገሌ ቧንቧ በኩል ይባል ነበር። ዶዘሩ ከገባ ወዲህ ግን መንገድ የሚባል ነገር ቀርቷል፤ ሰው በጭቃ ክምርና በተሰበረ ጣውላ መካከል እግሩ ባገኘው በኩል ያልፋል። አንድ ሰማያዊ ማዕዘን እዚህ፣ አንድ ሮዝ ግድግዳ እዚያ ቆሞ ቀርቷል፤ ወለተሰንበት የማን ሳሎን እንደነበረ በቀለሙ ትለያለች። ሰፈሩ እንደሚነሣ ከተነገረ ዓመት አልፎታል። ሰው ግን ሰው ነውና፣ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎበት እያየ ጣሪያውን ያድስ ነበር።

የእሷ ቤት የፈረሰው ሐሙስ ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ደርሷታል። እዚያ በሩ ብረት ነው፤ አባቷ በ1951 ዓ.ም. ያስገጠሙት የጽድ በር የሚገባበት ግድግዳ የለም። ስለዚህ ተክለ ሃይማኖት ለሚገኝ አሮጌ ጣውላ ነጋዴ ልትሸጠው ተስማምታለች። ከዚያ በፊት ግን ከበሩ የባሰ ጉዳይ አለባት። ዛሬ ተራዋ ነው።

የልደታ ማርያም ጽዋ ማኅበር በየወሩ በአንደኛው ቀን ይጠጣል። ጽዋው አፉ ላይ ትንሽ የተሸረፈ የሸክላ ማሰሮ ነው፤ ቀይ ከፋይ ለብሶ ከአባል ወደ አባል ሲዞር ስድሳ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ተረኛ የሆነ ሰው በደጃፉ ቆሞ በእልልታ ይቀበለዋል፤ ወር ሙሉ በቤቱ ያኖረዋል፤ ወሩ ሲሞላ ደግሶ ለሚቀጥለው ያስረክባል። የወለተሰንበት እናት እማሆይ እንዳለች ሲሞቱ ቦታቸውን ለልጃቸው ነው ያወረሱት። «ጽዋዬ በአንቺ እጅ እንዳይቀር» ብለዋት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ብዙም አልተናገሩም።

አባላቱ ድሮ ሃያ አራት ነበሩ። ዛሬ አሥራ አንድ ቀርተዋል፤ እነሱም ገሚሱ ከጀሞ፣ ገሚሱ ከዘመድ ቤት በታክሲ ነው የመጡት። ወለተሰንበት የመጣችው ተራዋን ልትመልስ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ያወጣችው ያወረደችው ይህንኑ ነበር።

ቱሉንና በሩን ውጭ አስቀምጣ ወደ አቶ ገብረጊዮርጊስ ቤት ገባች። በዚያ ሁሉ ሜዳ ላይ ቆሞ የቀረ የማኅበርተኛ ቤት ይኸው ብቻ ነው፤ እሱም ረቡዕ ይፈርሳል። አቶ ገብረጊዮርጊስ የማኅበሩ ሙሴ ናቸው፤ ማኅበርተኛ መሪውን ሙሴ ነው የሚለው። ሠላሳ አራት ዓመት የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ጽሑፍ ካላዩ የማያምኑ ሰው ናቸው።

ጸሎቱ ደረሰ፤ ዳቦው ተቆረሰ፤ ጠላው ተቀመሰ። የማኅበሩ የንስሐ አባት አባ ኃይለመለኮት መስቀላቸውን አስቀምጠው ጢማቸውን ጠረጉ።

«ተረኛዋ ትቁም» አሉ ሙሴ።

ወለተሰንበት ቆመች። ያዘጋጀችው ንግግር ነበር፤ ተወችው።

«የምቀበልበት ደጃፍ የለኝም» አለች። «እማማንም እናንተንም አሳፈርኩ። ይቅር በሉኝ።»

ቦሰና፣ አፏ የማያርፈው የእሷ እኩያ፣ ከጥግ ተነሣች።

«በእኔ ቤት ትቀበል፤ ምን ችግር አለ!»

«አንቺስ ቤት አለሽ?» አሉ ሙሴ።

«እህቴ ዘንድ ነኝ።»

«የእህትሽ ደጃፍ ለአንቺም አልሆነሽ፤ ለእሷ እንዴት ይሆናታል?»

«ታዲያ ድንኳን እንትከል። ታቦት እንኳ ለጥምቀት ድንኳን ያድር የለ?»

አባ ኃይለመለኮት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ታቦት የሁሉ ነው ልጄ። የትም ቢያርፍ ቤቱ ቤተ ክርስቲያን ናት። ጽዋ ግን የአባወራና የእማወራ ነው። ከደጃፍ ወደ ደጃፍ ካልሄደ ዕድር ይሆናል እንጂ ማኅበር አይሆንም።»

ሙሴ መነጽራቸውን አድርገው የማኅበሩን ደብተር ገለጡ። ደብተሩ በ1939 ዓ.ም. ማኅበሩን ባቆሙት ሰዎች እጅ የተጻፈ ነው። አንድ አባል ጽዋውን ጠጅ ቤት ተቀምጦ ተቀብሎ ስለተገኘ፣ ሽማግሌዎቹ ተቆጥተው የጻፉት አንቀጽ አለ። እሱኑ አነበቡ።

«"ተረኛ የሆነ ጽዋውን በገዛ ደጃፉ ቆሞ ይቀበል። ደጃፍ ያጣ እንደሆነ ጽዋው ወደ ልደታ ማርያም ዕቃ ቤት ይመለስ፤ ማኅበሩም ይፈታ።" ይኸው ነው የሚለው።»

ማኅበሩም ይፈታ። ወለተሰንበት ይህችን ቃል ከልጅነቷ ጀምሮ ስትነበብ ሰምታታለች፤ ዛሬ ግን የምትነበበው ለእሷ ነው። ስድሳ ሦስት ዓመት የዞረ ጽዋ እሷ ላይ ሲደርስ ሊቆም ነው። እናቷን በምን ፊቷ ታያቸዋለች?

በዚህ መካከል ሃምሳ አለቃ አስፋው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ሃምሳ አለቃ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮርያ ዘምተው ግራ እግራቸውን ቆስለው ተመልሰዋል፤ ለማኅበር ሲመጡ እስከዛሬ ሜዳያቸው ከኮታቸው ላይ አይታጣም። ሰፈሩ ግን የሚያውቃቸው በኮርያ ሳይሆን አስፋው ጃፓን በሚለው ስም ነው። ቁስላቸውን ሊታከሙ ጃፓን ከርመው ነበርና፣ እዚያ ስላዩት ነጭ ግንብ ሳይናገሩ የቀሩበት ሠርግ፣ ክርስትናና ተዝካር የለም። ጣሪያው ላይ ጣሪያ የተደራረበ፣ ጫፉ ላይ ሁለት የወርቅ ዓሣ የቆሙበት፣ የጥንት መሳፍንት የሠሩት ግንብ። ሳሎናቸው ውስጥም ምስሉ ያለበት ፖስት ካርድ በመስተዋት ተሰቅሎ ኖሯል። ወለተሰንበት ልጅ ሳለች ጣሪያው አምስት ነበር። ሠርጓ ላይ ስድስት ሆነ። አሁን ሰባት ደርሷል።

«ጃፓን ሳለሁ…» ብለው ጀመሩ ሃምሳ አለቃ።

«ኧረ ዛሬስ ይለፈን ጋሼ!» አለች ቦሰና። «ሰው ቤት አጥቶ እያለቀሰ ግንቡ ምን ይሠራልናል?»

«ግንቡ ምንም አይሠራም» አሉ ሃምሳ አለቃ። ከደረት ኪሳቸው ፖስት ካርዱን አወጡ፤ መስተዋቱ ግድግዳው ሲፈርስ ተሰብሯል። «ግንቡ አልነበረም።»

«ምን ማለትዎ ነው?» አሉ ሙሴ።

«አላየሁትም። እኔ ስደርስ ተቃጥሎ ነበር።»

ሃምሳ አለቃ ዓይናቸውን ከፖስት ካርዱ ላይ ሳያነሡ ቀጠሉ።

«ጥቅምት ነው፤ ዘመኑ አርባ አምስት። በምርኩዝ መሄድ እንደጀመርን፣ ሆስፒታሉ ውስጥ የሚያስተረጉምልን ጃፓናዊ አራታችንን በካሚዮን ጭኖ ግንብ ላሳያችሁ ብሎ ወሰደን። ስንደርስ ያለው መሠረቱ ብቻ ነው። መሠረቱስ መሠረት ነው! ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ፣ በሬ የሚያካክል ድንጋይ እርስ በርሱ ተናክሶ ቆሟል። ዙሪያውን ውኃ የሞላው ቦይ አለ። ድንጋዩን እሳት አቅልቶታል፤ ላዩ ላይ ሣር በቅሏል። ከሰባት ዓመት በፊት በቦምብ ነው የነደደው፤ ከተማውም አብሮ። አንዲት አሮጊት ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላ ይህን ትሸጣለች። እጇን ወደ ላይ አንሥታ፣ "እንዲህ ነበር" አለችኝ በምልክት። ገዛኋት።»

«ታዲያ ለምን አየሁት አሉን?» አለች ወለተሰንበት። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ።

ተናዳለች። ልጅ ሳለች ያንን ግንብ ከጎረቤት ልጆች ጋር በጭቃ ስትሠራው ኖራለች፤ ለዓሦቹ የብርቱካን ልጣጭ ያስቀመጠችው እሷ ነበረች። ቤቷ ከፈረሰ ገና ሦስት ቀኑ ነው። ያንንም ግንብ ዛሬ ማፍረስ ምን የሚሉት ጭካኔ ነው?

«ስመለስ እናቴ ባቡር ጣቢያ ድረስ ጎረቤቱን ሁሉ ይዛ መጣች» አሉ ሃምሳ አለቃ። «እናትሽም ነበረች። "ምን አየህ?" አሉኝ። ስንቱ ጓደኛዬ የቀረበት አገር ደርሼ መጥቼ ድንጋይና ሣር አየሁ ልበል? ካርዱን አሳየኋቸው። "ይህን አየህ?" ሲሉኝ አዎ አልኩ። አንዴ አዎ ካልኩ በኋላ የሚመልሰኝ አላገኘሁም። ጣሪያውንም እየጨመርኩ ሄድኩ፤ ታውቁኛላችሁ።»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለች ቦሰና። «የእርስዎ ግን ሃምሳ ሰባት ዓመት አደረ!»

አንዳንዱ ሳቀ። ሃምሳ አለቃ አልሳቁም።

«ይህን ውሸት ይዤው ብሞት ደስ ይለኝ ነበር። ያወጣሁት ለዚህች ልጅ ስል ነው። ያየሁትን አላወራሁም፤ ያላየሁትን ሳወራ። ያን ቀን እዚያ ድንጋይ ሥር ቆመን ከበሮ ሰማን። ሕዝብ መጣ፤ ገሚሱ ባዶ እግሩን ነው፤ ከጦርነት የወጣ ድኻ ሕዝብ። ዓመት በዓላቸው ነው። ወጣቶቹ በትከሻቸው ትንሽ የወርቅ ቤት ተሸክመዋል፤ ጣሪያዋ ላይ የነሐስ ወፍ ቆማለች። የሚያመልኩትን በእሷ ውስጥ ነው ይዘው የሚዞሩት። ወዴት ነው የሚወስዷት ብዬ አስተርጓሚውን ጠየቅሁት። ወደ ተረኛው ቤት አለኝ።»

«ተረኛ አላቸው?» አሉ ሙሴ።

«አላቸዋ! በየዓመቱ አንድ ቤት ይቀበላል። ልክ እንደኛ። ተከተልናቸው። የደረስንበት ቦታ አመድ ነው፤ ቤት የለም። አንድ ሽማግሌ አራት እርጥብ ሸንበቆ በአራት ማዕዘን ተክሏል፤ ዙሪያውን የጭድ ገመድ ወጥሮበታል፤ ገመዱ ላይ ነጭ ወረቀት ተንጠልጥሏል። ንጹሕ ነጭ ለብሶ ቆሟል። የቆመው ደግሞ የትም አይደለም፤ በሩ በነበረበት ቦታ ነው። ግራ ቀኙ ሜዳ ነው እኮ፣ በፈለጉት በኩል መግባት ይችሉ ነበር! ተሸካሚዎቹ ግን ዞረው መጡና በፊት ለፊት፣ በእሱ በኩል ገቡ። አስተርጓሚው ምን አለኝ? "ቤቱ እንጂ ተራው አልተቃጠለም።"»

ሃምሳ አለቃ ፖስት ካርዱን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

«የአሕዛብን ሥርዓት ለማርያም ጽዋ?» አሉ አባ ኃይለመለኮት ቅንድባቸውን ሰብስበው።

«ስገዱ አላልኩም አባ። ሰውየው ተራውን እንዴት እንዳልጣለ ነው የነገርኳችሁ።»

ወለተሰንበት ከዚህ በኋላ የተባባሉትን በደንብ አልሰማችም። እጇ ሳታዝዘው መቀነቷን ይዳብስ ነበር። ቋጠሮው ውስጥ ቁልፉን አገኘችው።

«ሙሴ» አለች። «ደብተሩ ደጃፍ ነው የሚለው ወይስ ቤት?»

ሙሴ ደብተሩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። አንቀጹን አንድ ጊዜ አነበቡ፤ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ደገሙት። የመዝገብ ቤት ሰው ናቸው፤ ያልተጻፈ አያነቡም።

«ደጃፍ ነው የሚለው። ግድግዳ አላነሣም። ጣሪያም አላነሣም።»

«በሬ ውጭ አለ» አለች ወለተሰንበት። «ከነመቃኑ።»

ሁሉም ወደ አባ ኃይለመለኮት ዞረ። አባ መስቀላቸውን ካስቀመጡበት አነሡ። ቦሰና እንኳ ጠበቀች።

«በሩ በገዛ ቦታዋ ላይ ይቁም» አሉ አባ በመጨረሻ። «መልካም ነገር ከሩቅ ሰውም ይማሩታል።»

ቱሉ ግድግዳ ተደግፎ ዳቦውን ሲገምጥ ደረሱበት። ወደ ተክለ ሃይማኖት ሳይሆን ወደ መጣበት መመለሱን ሲሰማ በሩን አየ፤ ጀርባውን አሰበ።

«ነጋዴውስ እትዬ? እስከ ስድስት ሰዓት ነው የምጠብቀው ብሏል።»

«አይጠብቅ። አልሸጠውም።»

ሰልፉ ወጣ። ከፊት ቱሉና በሩ፣ ቀጥሎ አባ ኃይለመለኮት በመስቀላቸው፣ ቀጥሎ ሙሴ ጽዋውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ከዚያ ሴቶቹ። ማኅበርተኛ ጽዋ ሲሸኝ እየዘመረ ነበር የሚሄደው፤ ዛሬ ግን ሁሉም እግሩን የሚያሳርፍበትን ስለሚያይ ዝም ብሎ ይሄዳል። ሃምሳ አለቃ አስፋው ሁሉም ካለፈ በኋላ፣ ብቻቸውን፣ ምርኩዛቸውን በጭቃው ክምር ላይ እየተከሉ ይከተላሉ። አጠገባቸው የሚሄድ ሰው አልነበረም። ወለተሰንበት ሁለት ጊዜ ዞራ አየቻቸው፤ ንዴቷ ገና አልበረደምና ወደፊት ሄደች።

ቦታዋን ያወቀችው በደጃፉ ድንጋይ ነው። ዶዘሩ ግድግዳውን ሲጥል ድንጋዩን አልፎት ሄዷል፤ መካከሉ በሰው እግር ተበልቶ የጎደጎደ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። ቱሉ በሩን አውርዶ ድንጋዩ ላይ አቆመው። ሁለት ወንዶች ከፍርስራሹ ቋሚ እንጨት መዝዘው ከግራና ከቀኝ ተከሉ፤ ቱሉ በራሱ ገመድ መቃኑን ከቋሚዎቹ ጋር ጠፍሮ አሰረ። እግሩ ሥር ድንጋይ ካቡለት።

ይህን ጊዜ የቦታው ዘበኛ ኢዶሳ ዱላውን ይዞ እየሮጠ መጣ።

«እዚህ አዲስ ግንባታ ክልክል ነው!»

«ግንባታ አይደለም» አሉ ሙሴ።

«ታዲያ ምንድነው?»

«በር ነው።»

ኢዶሳ በሩን ዞሮ ከኋላ አየው። ዞሮ ከፊት አየው። ከዚያ ቀዩን ከፋይና የአባን መስቀል አየና ባርኔጣውን አወለቀ።

«አሥር ሰዓት ላይ አለቃዬ ይመጣል። ከዚያ በፊት ንቀሉት፤ እኔም አላየሁ» ብሎ ራቅ አለ።

ወለተሰንበት ቁልፏን ከመቀነቷ ፈታች። ጓጉንቸሩን ከፈተች፤ ገባች። ሦስት እርምጃ ሄዳ ዞረችና ቆመች። ከላይዋ ሰማይ ነው፤ ከጎኗ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ድረስ ሜዳ ነው። ቢሆንም እዚህ የእናቷ አልጋ ነበር፤ እዚያ መደርደሪያው። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ደጃፉ ተመለሰች፤ ሁለት እጇንም ዘረጋች።

ሙሴ ከውጭ ሆነው ጽዋውን አስረከቧት። ከጠበቀችው ይልቅ ከባድ ነበር። አባ ባረኩት። ያን ጊዜ ነው እልልታው የመጣው፤ በዚያ ባዶ ሜዳ ላይ የሚያቆመው ግድግዳ ስለሌለ ሩቅ ሄደ። ወለተሰንበት አለቀሰች፤ አፍራ አልደበቀችውም።

«በኅዳር ልደታ ጀሞ፣ ሦስተኛ ፎቅ!» አለች እያለቀሰች። «ደረጃው ይከብደኛል የሚል አይኑር!»

ከዚያ ማኅበርተኛው ሊገባ ተራ ያዘ። ማንም ተራ ያዙ ያለ አልነበረም። በግራም በቀኝም ክፍት ነው፤ ሰው ግን አንድ በአንድ፣ አባ ቀድመው፣ ሙሴ ተከትለው፣ ጎንበስ እያሉ በበሩ ገቡ። ቦሰና እንኳ፣ አቋራጭ የምትወደው ቦሰና፣ መቃኑን ስማ ገባች። ቱሉም ባርኔጣውን ይዞ ገባ።

ሃምሳ አለቃ አስፋው የደረሱት ሁሉም ከገባ በኋላ ነው። ከበሩ አሥር እርምጃ ያህል ርቀው ቆሙ፤ ምርኩዛቸው ላይ ተደግፈው በሩን ያዩታል። ለመግባት አልቃጡም፤ ለመሄድም አልቃጡም።

ወለተሰንበት ጽዋውን ለሙሴ አስይዛ ወደ በሩ ሄደች። ቀስ ብላ ዘጋችው።

ሽማግሌው ደነገጡ። በሩን አይተው፣ በመቃኑ ጎን አሻግረው እሷን አዩ፤ ከበሩ ማዶ ቆማ እጇን እጀታው ላይ አድርጋ ትጠብቃቸዋለች። ያን ጊዜ ገባቸው። ኮታቸውን ቆለፉ፤ ሜዳያቸውን አቃኑ፤ እግራቸውን እየጎተቱ መጥተው በምርኩዛቸው ጫፍ በሩን ሁለት ጊዜ መቱ።

«ቤቶች!» አሉ።

«ቤት ለእንግዳ! ይግቡ ሃምሳ አለቃ» አለች ወለተሰንበት በሩን እየከፈተች።

ሃምሳ አለቃ አስፋው ጫማቸውን በደጃፉ ድንጋይ ላይ ጠርገው ገቡ።